ማስታወቂያ ተምሮ ወደ ፈጠራ ስራ መግባት፦ ከልምዴ ላካፍላችሁ

ዩኒቨርሲቲ ማስታወቂያ አጥንቼ አሁን በኮፒራይተርነት፣ ማለትም በማስታወቂያ ጽሑፍ ጸሐፊነት፣ እሰራለሁ። ትምህርቱን ለመጀመር የሚያስቡ ወይም ጀምረው መሃል ላይ ግራ የገባቸው ልጆች ብዙ ጊዜ የሚጠይቁኝ አንድ ጥያቄ አለ። «ዲግሪው ክሪኤቲቭ (የፈጠራ ሰው) ያደርገኛል ወይ?» መልሴ አጭር ነው። ዲግሪው አያደርግም። እዚያ የምታሳልፉት ጊዜ ግን ሊያደርግ ይችላል፣ ያውም በደንብ፣ ምን ልትወስዱ እንደገባችሁ ካወቃችሁ።

ለምን እንዲህ እንደምል ላስረዳ። የማስታወቂያ ድርጅት ጀማሪ ኮፒራይተር ወይም አርት ዳይሬክተር (የማስታወቂያውን ምስልና አቀማመጥ የሚሰራ) ሲቀጥር መጀመሪያ የሚያየው ፖርትፎሊዮ፣ ማለትም የስራዎቻችሁን ስብስብ ነው። ውጤቴን የጠየቀኝ ክሪኤቲቭ ዳይሬክተር (የፈጠራ ክፍል ኃላፊ) እስካሁን አልገጠመኝም። ስራዎቼን አንድ በአንድ እያዩ «ይሄን እንዴት አሰባችሁት?» ያሉኝ ግን ብዙ ናቸው። ስለዚህ ትምህርት ቤት ስትገቡ የምትወጡት ወረቀት ይዛችሁ ብቻ ከሆነ፣ ለፈጠራ ክፍል ባዶ እጃችሁን እንደወጣችሁ ቁጠሩት።

ዲግሪ ያስፈልጋል አያስፈልግም የሚል ክርክር ሲነሳ ዝነኛው የማስታወቂያ ሰው ዴቪድ ኦጊልቪ ሳይጠቀስ አይቀርም። ሰውዬው ኦክስፎርድ ገብቶ በ1931 (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ሳይመረቅ ወጣ። ፓሪስ ሆቴል ውስጥ ምግብ አበሰለ። ስኮትላንድ ውስጥ ቤት ለቤት እየዞረ የምግብ ማብሰያ ምድጃ ሸጠ። ከዚያ አሜሪካ ሄዶ የጋሉፕ የሕዝብ አስተያየት ጥናት ድርጅት ውስጥ ሰራ። የራሱን የማስታወቂያ ድርጅት ኒውዮርክ ላይ የከፈተው በ1948 ነው። ብዙ ሰው ከዚህ ታሪክ «ስለዚህ ትምህርት ምን ያደርጋል» የሚለውን ይወስዳል። እኔ ግን ሌላ ነገር ነው የሚታየኝ። በር እያንኳኳ ሲሸጥ ሰው ለምን እሺ እንደሚል፣ ለምን እምቢ እንደሚል ፊት ለፊት አየ። ጋሉፕ ጋ ደግሞ ሰውን እንዴት መጠየቅ እንዳለበት ተማረ። ትምህርቱ እሱ ነበር። ጥሩ የማስታወቂያ ትምህርት ክፍል እነዚህን ሁለቱን አንድ ቦታ ሰብስቦ ይሰጣችኋል። መውሰድ አለመውሰድ የናንተ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ብዙውን ተማሪ ተስፋ ያስቆርጡታል። ለመሳል፣ ለመጻፍ፣ ፊልም ለመስራት ብላችሁ ትገቡና የሚጠብቃችሁ የማርኬቲንግ መግቢያ፣ የጥናት ዘዴ፣ ስታቲስቲክስ፣ የሸማቾች ባህሪ ነው። አብረውኝ ከተማሩት ውስጥ በተለይ የመሳል ችሎታ የነበራቸው እነዚህን ኮርሶች እንደ ግብር ነበር የሚከፍሏቸው፣ ይለፍ ብቻ። እባካችሁ እንደዚያ አታድርጉ። ከሁሉም ደግሞ የጥናት ዘዴ እና የሸማቾች ባህሪ የሚባሉትን ጠበቅ አድርጋችሁ ያዟቸው። ቀልብ የሚስብ ማስታወቂያ ስር ብዙ ጊዜ አንድ ሌላ ሰው ያልቆፈረው እውነት አለ፣ እሱን የሚቆፍረው ደግሞ መጠየቅና ማንበብ የሚያውቅ ሰው ነው።

በ1959 የኒውዮርኩ የማስታወቂያ ድርጅት ዶይል ዴን በርንባክ የጀመረውን የቮልስዋገን ዘመቻ ሁላችሁም አንድ ቀን ክፍል ውስጥ ታዩታላችሁ። መኪናዋ ገጹ ጥግ ላይ ትንሽ ሆና፣ የቀረው ቦታ ባዶ የሆነበት ማስታወቂያ ነው ዝነኛው። እኔን የበለጠ ያስተማረኝ ግን ከዚያው ዘመቻ ሌላው ነው። የሚታየው ምንም የማይወጣላት መኪና ናት። ጽሑፉ ግን መኪናዋ ፋብሪካው ውስጥ ተቆጣጣሪ እንዳትወጣ እንደከለከላት ይናገራል። ምክንያቱ ከመሪው ጎን ባለው የዕቃ ማስቀመጫ ሳጥን ላይ ያለችው የብረት ጌጥ ትንሽ እንከን ስላላት ነው። ቀጥሎ ጀርመን ቮልፍስቡርግ ያለው ፋብሪካ ውስጥ ስራቸው መኪና መፈተሽ ብቻ የሆነ 3,389 ሰዎች እንዳሉ ይነግራችኋል። እስቲ አስቡት። «ጥራታችን አስተማማኝ ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር የትም የለም። ቁጥሩና እንከኗ ይበቃሉ። ይሄን ዝርዝር ማንም ጸሐፊ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ከጭንቅላቱ አያወጣውም። ተፈልጎ የተገኘ ነው።

ኦጊልቪም እንደዚያው። በ1958 ለወጣው የሮልስ ሮይስ ማስታወቂያ ሶስት ሳምንት ያህል ስለ መኪናው ሲያነብ እንደቆየ ራሱ ተናግሯል። መኪናው በሰዓት 60 ማይል ሲሮጥ ከሁሉ የሚጎላው ድምፅ የሰዓቱ ነው የሚለው አርዕስት የተገኘው ከአንድ የመኪና መጽሔት ቴክኒካል አዘጋጅ የሙከራ ዘገባ ላይ ነው። የሰዓት ድምፅ! «ጸጥ ያለ መኪና» ከማለት ጋር አወዳድሩት።

አሁን እኔን ራሴን ወደ ሰራኝ ኮርስ ልምጣ። የብሪፍ ክፍል። ብሪፍ ማለት ፈጠራው ከመጀመሩ በፊት የሚጻፍ አንድ ገጽ ነው። ማንን ነው የምናናግረው? አሁን ምን ያስባል? ምን እንዲያስብ ነው የምንፈልገው? ከምንናገረው ሁሉ አንዱ ዋና ነገር ምንድነው? ለምን ያምነናል? ጥያቄዎቹን ስታነቧቸው ቀላል ይመስላሉ። «አንዱ ዋና ነገር» የሚለው ላይ ግን ተማሪው ሁሉ ይንገዳገዳል፣ ምክንያቱም አንድ ነገር መምረጥ ማለት ሌላውን አስሩን መተው ነው።

መምህራችን አንድ ቀን ተራ ጓጉንቸር አምጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ከነካርቶኑ፣ ከነወረቀቱ። «ይሄን ሽጡልኝ» አሉ። ለሚቀጥለው ክፍል እያንዳንዳችን ብዙ አርዕስት ጽፈን፣ በወፍራም እስክሪብቶ፣ አንድ ወረቀት ላይ አንድ ብቻ፣ ግድግዳ ላይ ለጠፍን። ግድግዳው ሞላ። ጠንካራ። አስተማማኝ። ንብረትዎን አደራ ይስጡን። ተስፋ ቆርጦ የሚመለስ ሌባ ስዕል ደግሞ በያይነቱ። መምህራችን ምንም ሳይናገሩ ከጫፍ ጀምረው «አስተማማኝ» የሚል ቃል ወይም ሌባ ያለበትን ወረቀት ሁሉ ገለበጡት። ነጭ ጀርባቸውን ያሳዩ ወረቀቶች ብቻ ቀሩ ማለት ይቻላል። ከዚያ እንዲህ አሉን፦ «ይሄን ሁላችሁም አስባችሁታል። ሁላችሁም ካሰባችሁት ተፎካካሪውም አስቦታል።»

ከዚያ የሰጡን ስራ አርዕስት ጻፉ የሚል አልነበረም። ሰው ሲቆልፍ ሄዳችሁ እዩ ነበር ያሉን። እኔና የስራ ጓደኛዬ የግቢውን የብስክሌት ማቆሚያ፣ የተማሪዎቹን የዕቃ መቆለፊያ ሳጥኖች፣ ሱቆች ሲዘጉ ቆመን አየን። ሁሉም አንድ ዓይነት ነገር ነው የሚያደርገው። ይቆልፋል፣ አንዴ ይጎትተዋል፣ ይሄዳል። ብዙዎቹ ደግሞ ጥቂት ይራመዱና ተመልሰው እንደገና ይጎትቱታል። አንዷን ሴትዮ ለምን እንደሆነ ጠየቅናቸው። «መቆለፌንማ አውቃለሁ» አሉን፣ «ግን ሄጄ ካላየሁት ልቤ አያርፍም።»

ያቺ ንግግር ብሪፉን ቀየረችው። ገዢው ጓጉንቸር ሲገዛ ሌባ እያሰበ ነው ብለን ነበር የተነሳነው። ሴትዮዋ ግን ስለ ሌባ አንድም ቃል አላነሱም። የፈለጉት ልባቸው እንዲያርፍ ነው። ወደ ካርቶኑ ተመለስን፣ ውስጡ ያለችውን የታጠፈች ወረቀት ዘርግተን እስከ ታች አነበብናት። በትንንሽ ፊደል አንድ ነገር ተጽፏል። የዚህ ዓይነቱ ጓጉንቸር ክፍት ሆኖ ቁልፉ አይወጣም። ቁልፉን መንቀል የሚቻለው ሲቆለፍ ብቻ ነው። እንዲህ ያሉ ጓጉንቸሮች አዲስ ነገር አይደሉም፣ ፋብሪካና መጋዘን ውስጥ የተለመዱ ናቸው። ክፍላችን ውስጥ ግን ወረቀቷን ያነበባት አልነበረም። አርዕስታችን ከዚያ ወጣ፦ «ቁልፉ ኪስዎ ውስጥ ካለ ተቆልፏል።»

ስዕሉ ላይ ደግሞ ሌላ ትምህርት ነበረ። መጀመሪያ ያቀረብነው ንድፍ ላይ በር አለ፣ ጓጉንቸር አለ፣ የሰው እጅ አለ፣ ቁልፍ አለ፣ ከታች መፈክር አለ። መምህራችን መዳፋቸውን በሩ ላይ አድርገው ሸፈኑትና «ይሄ ቢወጣ ምን ይጎድላል?» አሉ። ምንም። መፈክሩን ሸፈኑት። ምንም። ጓጉንቸሩን ራሱን ሸፈኑት። ትንሽ ተከራከርን፣ የሚሸጠው እሱ አይደለም እንዴ አልን። «አርዕስቱ ተቆልፏል እያለ የተቆለፈውን ለምን ታሳዩኛላችሁ?» አሉ። መጨረሻ ላይ የቀረው መዳፍ ላይ ያለች ቁልፍ፣ አርዕስቱና የምርቱ ስም ነው። ይሄን በመዳፍ የመሸፈን ነገር እስከ ዛሬ ስራ ላይ አደርገዋለሁ። እናንተም ከዛሬ ጀምሮ አድርጉት፣ ምንም ትምህርት ቤት አይፈልግም።

የሂስ ክፍል ያለበት ፕሮግራም ካገኛችሁ ከሌላው ሁሉ እሱን አስበልጡ። ስራችሁ ሰው ፊት ተሰቅሎ ሌሎች ሲተቹት ዝም ብሎ መስማት በተፈጥሮ የሚመጣ ነገር አይደለም፣ ይለመዳል እንጂ። አንድ የጠቀመኝን ነገር ልንገራችሁ። ስራዬ በሚተችበት ሰዓት አልመልስም፣ እጽፋለሁ። ማን ምን እንዳለ ሳይሆን የት ጋ እንደተደናቀፈ ነው የምጽፈው። ሶስት ሰው አንድ ቦታ ላይ ከቆመ ያ ቦታ ችግር አለበት። የሰጡት መፍትሄ ግን ትክክል ላይሆን ይችላል። የቆሙበትን ቦታ ውሰዱ፣ መፍትሄውን ራሳችሁ ፈልጉ። ሌሎቹን ስትተቹም «አሪፍ ነው» እና «አልተመቸኝም» የሚሉትን ሁለት ቃላት ተዋቸው። ምን እንደገባችሁ፣ መጀመሪያ ምን እንዳያችሁ ንገሯቸው። ሰሪው የሚፈልገው እሱን ነው።

ስለ ስራ ጓደኛ ትንሽ ሰፋ አድርጌ ልናገር፣ ምክንያቱም ብዙ ፕሮግራም ይሄን በደንብ አያስረዳም። ድሮ ኮፒራይተሩ ጽሑፉን ጽፎ ይጨርስና ለሰዓሊው ይልክለታል፣ ሰዓሊው ደግሞ ያንን ያስውባል። ቢል በርንባክ በ1949 ከሸሪኮቹ ጋር ዶይል ዴን በርንባክን ሲከፍት ጸሐፊውንና አርት ዳይሬክተሩን ከመጀመሪያው አንድ ክፍል አስቀመጣቸው። የቮልስዋገኑን ያቺን ትንሽ መኪና የሰሩት ሄልሙት ክሮን በአርት ዳይሬክተርነት፣ ጁሊያን ኮኒግ በጸሐፊነት ሆነው ነው። ዛሬም በብዙ ድርጅት ክሪኤቲቮች የሚሰሩት ጥንድ ሆነው ነው፣ አንዳንዴም የሚቀጠሩት ጥንድ ሆነው ነው። ታዲያ ዩኒቨርሲቲ ማለት የወደፊት ጥንዳችሁን ለመፈለግ ከሁሉ የተመቸ ቦታ ነው። ከተመረቃችሁ በኋላ እንደዚህ ዓይነት እድል እንደገና አታገኙም።

ማንን ልምረጥ ካላችሁ፣ የቅርብ ጓደኛችሁን ብቻ አትዩ። ሃሳባችሁን «አይ፣ ይሄ አልሆነም» የሚላችሁን፣ ግን ብሎ የማይሄድባችሁን ሰው ፈልጉ። እኔ የጻፍኩትን አርዕስት ጓደኛዬ ብዙ ጊዜ በግማሽ ያሳጥረው ነበር። የሱን ንድፍ እኔ እነካካ ነበር። ፖርትፎሊዮ ላይ ደግሞ ሁሌ ማን ምን እንደሰራ እንጽፋለን። ይሄ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። የማስታወቂያ ሰፈር ጠባብ ነው፣ የሌላ ሰው ስራ የራሱ አስመስሎ የሚያሳይ ሰው ወዲያው ይታወቃል።

ስታቲስቲክስና ጥናት ላይ ልመለስ፣ አንድ የቀረ ነገር አለ። ጥናት ሃሳብ ለማግኘት እንደሚጠቅም አይታችኋል። ሃሳብ ለመግደልም ይውላል፣ እሱንም ቀድማችሁ እወቁት። በ1962 አቪስ የተባለው መኪና አከራይ ሁለተኛ መሆኑን አምኖ፣ ሁለተኛ ስለሆንን የበለጠ እንጥራለን የሚል ዘመቻ ወጣለት። ጸሐፊዋ ፖላ ግሪን ትባላለች። ማስታወቂያው ከመውጣቱ በፊት ሰው ላይ ሲፈተሽ ያልወደዱት ብዙ ነበሩ። ቢሆንም ወጣ። አቪስ በአንድ ዓመት ውስጥ ከ3.2 ሚሊዮን ዶላር ኪሳራ ወደ 1.2 ሚሊዮን ዶላር ትርፍ ተሻገረ። እዚህ ጋ የደንበኛውም ድርሻ አለ። የአቪስ ኃላፊ የቀረበለትን ማስታወቂያ ሳይነካካ ለማውጣት አስቀድሞ ተስማምቶ ነበር። ጥናት የሚያነብ ክሪኤቲቭ ቁጥሩ ምን እንደሚልና ምን እንደማይል ለይቶ ስለሚያውቅ ስብሰባ ላይ ሃሳቡን ማዳን ይችላል። ቁጥር ሲያይ የሚሸሽ ክሪኤቲቭ ግን ሌላ ሰው ሲወስንለት ቁጭ ብሎ ያያል።

የሕግና የሥነ ምግባር ኮርስም አትዝለሉ። በ1960ዎቹ መጨረሻ ካምቤል የተባለው የሾርባ ኩባንያ ማስታወቂያ ላይ የሾርባው ሳህን ስር የመስታወት ብይ ተደርጎ ነበር። አትክልቱ ወደ ላይ እንዲታይና ሳህኑ የሞላ እንዲመስል ነው። የአሜሪካ የንግድ ኮሚሽን ደርሶበት እንዲህ ያለው አሰራር እንዲቆም ተደረገ። ሾርባው ራሱ ውሸት አልነበረም፣ አትክልቱም የራሱ ነው። አቀማመጡ ነው ያታለለው። ስራ ላይ ስትወጡ የሚያጋጥማችሁ ጥያቄ በአብዛኛው እንደዚህ ዓይነት ነው፣ ግልጽ ውሸት ሳይሆን ትንሽ ብይ። ከየት ወዲህ ማቆም እንዳለባችሁ በተማሪነት ዘመን ተከራክራችሁ ብትጨርሱት ይሻላል፣ ያኔ የሚያስቸኩላችሁ ደንበኛ የለም።

እዚህ ላይ የምናገረው ሁሉ ለጸሐፊና ለሰዓሊ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ብሪፉን ከፈጠራው በላይ የወደዳችሁ ካላችሁ፣ ስትራቴጂስት ወይም ፕላነር የሚባል ሙያ አለ። በ1968 ለንደን ውስጥ በሁለት ድርጅቶች፣ በስታንሊ ፖሊትና በስቲቨን ኪንግ የተጀመረ ነው። የሸማቹን ሃሳብ ይዞ ፈጠራው ክፍል ውስጥ የሚቀመጥ ሰው ማለት ነው። የዩኒቨርሲቲ ትምህርት በቀጥታ የሚያዘጋጀው ለዚህ ሙያ ይመስለኛል፣ ተማሪው ግን ስሙን እንኳ ሳይሰማ ይመረቃል። ከክፍላችን ሃሳቧ እጅግ የጠለቀ አንዲት ልጅ አርዕስት መጻፍ ስላልሆነላት ብቻ «ክሪኤቲቭ አይደለሁም» ብላ ልትተወው ነበር። አሁን ስትራቴጂስት ናት። የሷ ብሪፍ ሲደርሰኝ ግማሽ ስራዬ ያለቀ ያህል ነው የሚቀለኝ።

ወደ ፖርትፎሊዮ እንምጣ። የመጨረሻው ዓመት እስኪመጣ አትጠብቁ። ከሁለተኛው ዓመት ጀምራችሁ የክፍል ስራ ሁሉ ወደ ፖርትፎሊዮ እንደሚገባ አድርጋችሁ ስሩት፣ መምህሩ ውጤት ከሰጣችሁ በኋላም ስሩት። አምስት ስድስት ጥሩ ዘመቻ ከሃያ መካከለኛ ይበልጣል። ክሪኤቲቭ ዳይሬክተር ጊዜ የለውም፣ ደካማዋን አንዷን አይቶ ሌላውን በሷ ይለካዋል። አንድ ዘመቻ ውስጥ ሶስት የተለያዩ ማስታወቂያዎች ስሩ፣ ሃሳቡ አንዴ ብልጭ ብሎ የሚጠፋ ነው ወይስ የሚቀጥል የሚለው የሚታየው እዚያ ነው። ለራሱ አስቂኝ የሆነ ምርት አትምረጡ። ኮንዶም በተማሪ ፖርትፎሊዮ በጣም የተለመደ ነው። ልብ የሚነካ የበጎ አድራጎት ዘመቻም እንዲሁ። ምርቱ ራሱ ግማሹን ስራ ስለሚሰራላችሁ የናንተ ችሎታ አይታይም። ኢንሹራንስ ውሰዱ። የፕሪንተር ቀለም፣ ብሎን፣ የባንክ ቁጠባ ሒሳብ ውሰዱ። ሰው የማያየውን ነገር እንዲታይ ካደረጋችሁት ማንም አይረሳችሁም።

ጸሐፊ ከሆናችሁ ረዘም ያለ ጽሑፍ ቢያንስ አንድ አስገቡ። ሁሉም ሰው አጭር አርዕስት ያሳያል፣ ከአርዕስቱ በታች ስድስት አንቀጽ ጽፎ አንባቢን ይዞ መውረድ የሚችል ግን ጥቂት ነው። አርት ዳይሬክተሮች ደግሞ ፊደል ላይ ስሩ። ሶፍትዌር ማወቅ ማንም ይማረዋል፣ ፊደልን አንድ ገጽ ላይ አሳምሮ ማስቀመጥ ግን ዓይን ይፈልጋል።

ብሪፍ ከየት አመጣለሁ ለምትሉ፣ በነጻ የሚገኙ የውድድር ብሪፎች አሉ። በ1962 ለንደን ላይ የተመሠረተው ዲ ኤንድ ኤዲ የተባለው የዲዛይንና የማስታወቂያ ማኅበር «ኒው ብለድ» የሚባል የጀማሪዎች ውድድር አለው። በየዓመቱ እውነተኛ ድርጅቶች ብሪፍ ያወጣሉ፣ ሽልማቱ የእርሳስ ቅርጽ ያለው ነው። በ1954 የተጀመረው ካን ላየንስ የተባለው የማስታወቂያ ፌስቲቫልም «ያንግ ላየንስ» የሚል ውድድር አለው፣ ዕድሜያቸው ከ30 ያልበለጠ ጥንዶች ብሪፍ ተቀብለው በ24 ወይም በ48 ሰዓት ውስጥ ሰርተው የሚያስረክቡበት። ባታሸንፉም፣ ባትወዳደሩም ብሪፎቹን አንብቧቸው። ያሸነፉትን ስራዎች ከማየታችሁ በፊት የራሳችሁን ሞክሩ፣ ከዚያ አወዳድሩ። በዚህ መንገድ የተማርኩት ክፍል ውስጥ ከተማርኩት አያንስም።

ከማስታወቂያ ውጭ ያሉ ኮርሶችንም ውሰዱ። እኔን የሬዲዮ ማስታወቂያ መጻፍ ያስተማረኝ የማስታወቂያ ኮርስ አይደለም፣ የቴአትር ክፍል የድራማ አጻጻፍ ነው። ሰው ሲያወራ ዓረፍተ ነገሩን እንደማይጨርስ፣ ዝምታም ንግግር እንደሆነ እዚያ ነው የገባኝ። ሥነ ጽሑፍ፣ ታሪክ፣ ሥነ ልቦና፣ ደስ ያላችሁን። ማስታወቂያ ብቻ እያየ የሚያድግ ሰው ስራው ሌላ ማስታወቂያ ይመስላል።

አሁን አሁን ደግሞ «ኤአይ አርዕስት እየጻፈ ለምን እንማራለን?» የሚል ጥያቄ በዝቷል። እነዚህ መሳሪያዎች በሰከንድ ውስጥ መቶ አርዕስት ያወጣሉ፣ እውነት ነው። ያንን ግድግዳ ግን አስታውሱ፣ ችግሩ የአርዕስት ማነስ አልነበረም። የትኛውን መገልበጥ እንዳለበት የሚያውቅ፣ ሴትዮዋን ሄዶ የሚጠይቅ፣ ወረቀቷን ዘርግቶ የሚያነብ ሰው ነው የጠፋው። መሳሪያውን ተጠቀሙበት፣ ግን የመጀመሪያውን ሃሳብ እሱ እንዲያስብላችሁ አታድርጉ። በተማሪነት ዘመን የምታዳብሩት ዓይን ያንን እድል ካላገኘ አይከፈትም።

ገና ትምህርት ቤት እየመረጣችሁ ከሆነ፣ ብሮሹሩን ትታችሁ የተመራቂዎቹን ፖርትፎሊዮ ፈልጉና እዩ። አብዛኛው ኢንተርኔት ላይ አለ። ስራቸው እርስ በርስ የሚመሳሰል ከሆነ ትምህርቱ ሁሉንም በአንድ ቅርጽ እያወጣ ነው ማለት ነው፣ ይሄ ጥሩ ምልክት አይደለም። ከመምህራኑ ውስጥ ድርጅት ውስጥ የሰሩ ወይም እየሰሩ ያሉ አሉ ወይ ብላችሁ ጠይቁ። የሂስ ክፍል አለ ወይ? ስንት ተማሪ ይይዛል? መጻፍ የሚማሩትና ዲዛይን የሚማሩት አንድ ክፍል ይገናኛሉ ወይ? አንዳንድ ቦታ ማስታወቂያ የሚሰጠው ቢዝነስ ፋኩልቲ ስር ነው፣ አንዳንድ ቦታ ጋዜጠኝነትና ኮሙኒኬሽን፣ ሌላ ቦታ ደግሞ ሥነ ጥበብ። የትኛውም ሊሆን ይችላል፣ የጎደለውን ግን ራሳችሁ መሙላት ይኖርባችኋል። ፖርትፎሊዮ ብቻ ለመስራት የተቋቋሙ ትምህርት ቤቶችም አሉ፣ በ1993 እንደተከፈተው ማያሚ አድ ስኩል ዓይነት። ከዲግሪ በኋላ የሚገባባቸውም ብዙ ናቸው። ውድ ናቸው፣ እና ዩኒቨርሲቲ እያላችሁ በደንብ ከሰራችሁ የግድ አያስፈልጓችሁም።

ልምምድ ስትወጡ የተሰጣችሁን ብቻ ሰርታችሁ አትውጡ። ያለቁ ዘመቻዎችን ብሪፍ ማየት ይቻል እንደሆነ በትህትና ጠይቁ፣ ከዚያ ብሪፉንና የወጣውን ማስታወቂያ አጠገብ ለአጠገብ አድርጋችሁ አንብቡ። ያልተመረጡትን ሃሳቦችም ከቻላችሁ እዩ። እኔ የተለማመድኩበት ድርጅት ውስጥ አንዲት ነባር ጸሐፊ የወደቁ አርዕስቶቿን በሙሉ መሳቢያ ውስጥ ታስቀምጥ ነበር፣ እና አንድ ከሰዓት በኋላ ቁጭ ብላ እያንዳንዱ ለምን እንደወደቀ ነገረችኝ። አንዱ ደንበኛው ስለፈራ፣ አንዱ በጀት ስላነሰ፣ አንዱ በእርግጥም ስላልጠነከረ። ያንን ልዩነት መጽሐፍ አይነግራችሁም።

ስራ ስትፈልጉ ደግሞ «ክፍት ቦታ አለ ወይ?» ብላችሁ አትጻፉ። ስራቸውን ለምታደንቁት ጸሐፊ ወይም አርት ዳይሬክተር ፖርትፎሊዮአችሁን ላኩና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፦ «ከዚህ ውስጥ አንዱን ላውጣ ቢባል የትኛውን?» ብዙ ስራ ያለበት ሰው እንኳ ይሄን በሁለት መስመር ይመልሳል። ለሶስት ለአራት ሰው ጠይቁ። ሁሉም አንዱን ከጠቆሙ ያንን አውጡና በአዲስ ተኩት፣ ከዚያ ያስተካከላችሁትን ለዚያው ሰው መልሳችሁ ላኩለት። እኔ የመጀመሪያ ስራዬን ያገኘሁት መልሼ የላክሁለት ሰው ድርጅቱ ውስጥ ቦታ ሲከፈት ስለደወለልኝ ነው።